እስከ ጀበል ኩጁር በእግሬ

ሰኞ ማለዳ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የጫማዬን ማሰሪያ አጥብቄ ጁባ ና ባሪ ከሚባለው ሰፈራችን ወጣሁ። የምሄደው እስከ ጀበል ኩጁር ነው፤ ከከተማው በስተምዕራብ ብቻውን የተቀመጠው የድንጋይ ተራራ። ጁባ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔም ስንት ዓመት ሙሉ ከሩቅ ሳየው ኖሬ አንድ ቀን አጠገቡ ደርሼ አላውቅም። ሐሳቤ በእግሬ ሄጄ፣ ድንጋዩን በእጄ ነክቼ፣ በእግሬ መመለስ ነው። ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ አልወጣም። ሚኒባስ ውስጥ አልገባም።

ይህ ምን ጉዞ ይባላል የምትሉ ትኖራላችሁ። ለእናንተ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለእኔ ግን ከአዲስ አበባ ጁባ ከመጣሁበት መንገድ ይልቅ ይህኛው ረዝሞብኛል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁና ወደ መንገዱ እንገባለን።

አስካለ እባላለሁ። ቶንፒንግ ሰፈር ውስጥ፣ ወደ አየር ማረፊያው ጠጋ ብሎ፣ ከልጄ ከምሕረት ጋር ምግብ ቤት አለን። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፣ ስለዚህ ያየሁትንና የደረሰብኝን ብቻ ነው የምጽፈው። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ሄጄ ቀዶ ሕክምና አደረግሁ፤ የጨጓራዬን ትልቁን ክፍል ቆርጠው አወጡት። ለመቅጠን ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ይሳቅ። ታላቅ እህቴን የወሰዳት ውፍረትና ስኳር ነው፤ እግሯን ከቆረጧት በኋላ ብዙም አልቆየችም። እኔ ደግሞ በውፍረት ከእሷ እበልጥ ነበር። ልጄ በሰው አገር ብቻዋን ስትቀር እየታየኝ ነው ቢላዋ ሥር የተኛሁት።

በተቀደድኩ ማግስት ነርሷ መጥታ ተነሺ አለችኝ። የቀለደች መሰለኝ። ደግፋኝ ኮሪደሩን ዳር እስከ ዳር አስኬደችኝ። ስሰናበት ዶክተሩ፣ «ሆድሽን እኔ ትንሽ አድርጌልሻለሁ፤ እግርሽን ግን እኔ አላንቀሳቅስልሽም» አለኝ። ካልተንቀሳቀስሽ፣ ትንሹም ሆድ ቀስ በቀስ ያወፍራል አለኝ።

ጁባ ስመለስ የጠበቁኝ እትዬ ዘውዴ ናቸው። እትዬ ዘውዴ የግቢያችን ታላቅ ናቸው፤ ምሕረትን እኔ ሥራ ስውል ያሳደጉልኝ እሳቸው ናቸው። ሆዷ ተቀደደ ሲባል ሲሰሙ፣ በእሳቸው ቤት አራስ ሆኛለሁ። መስኮቱን በመጋረጃ ጋረዱ። ትራሴ ሥር ዳማከሴ አስቀመጡ። ፀሐይ ካየኋት ምች ይመታኛል፣ ነፋስ ካገኘኝ ይገባብኛል፣ ከአልጋ ከወረድኩ ስፌቱ ይፈታል። ገንፎውን በቅቤ አድርገው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ዶክተሩ ተንቀሳቀሺ ብሏል ብላቸው፣ «ዶክተሩ የሚያውቀው የአዲስ አበባን ፀሐይ ነው» አሉኝ።

እንደምንም ብዬ ከዚያ አልጋ ወጣሁ። እየተደበቅሁ፣ ማለዳ ማለዳ፣ በሰፈሩ ዙሪያ መሄድ ጀመርኩ። ቀነስኩ። ቀሚሴ ሰፋኝ። ከዚያ አንድ ቀን ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ ውሃ ሳልይዝ፣ እኩለ ቀን ላይ። ሽንኩርት ተራ ጋ ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ ተሸካሚዎቹ በሽንኩርት ጋሪ ላይ አድርገውኝ እየገፉኝ ነው፤ ሰው ሁሉ መንገድ እየለቀቀ ያየኛል። ምሕረት ያየችኝ እንደዚያ ሆኜ ነው።

ከዚያ ወዲያ ልጄ በቃ አለች። ወይ ቦዳ ወይ ቤት። እኔም ፈርቼ እሺ አልኳት፤ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።

ስለ ወንበሩ መናገር አለብኝ። ምግብ ቤታችን ሒሳብ መቀበያው ጋ ያለ ወንበር ነው። የፕላስቲክ ወንበሮቹ ከሥሬ እየተሰነጠቁ ሲያሳፍሩኝ ኮንዮ ኮንዮ ያለ አናጺ በልኬ ሠራልኝ፤ ሰፊ፣ ወፍራም እንጨት፣ መደገፊያ ያለው። ጠዋት እቀመጥበታለሁ፣ ማታ እነሳለሁ። በእኛ ሥራ ባለቤት አትቆምም። ባለቤት ሳህን ተሸክማ ከታየች ቤቱ ከሰረ ይባላል። ባለቤት ከከሳች ደግሞ ወይ ምግቡ ወይ ጤናዋ ይታማል። ወንበሯን የሞላች ሴት ቤቷ ሞልቷል ነው ነገሩ። ከውድቀቴ በኋላ ያንን ወንበር እንደገና መሙላት ጀመርኩ። ሚዛን አያስፈልገኝም፤ ቀሚሴ ነገረኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለምሕረት ነገርኳት። ነገ ጀበል ኩጁር በእግሬ ሄጄ እመለሳለሁ አልኳት።

«ብትወድቂስ?» አለችኝ።

«እነሳለኋ።»

«ካልተነሳሽስ እማዬ?»

በመጨረሻ ውል አስገባችኝ። በእግሬ ሄጄ በእግሬ ከተመለስኩ ስለ መንገድ ዳግመኛ አፏን አትከፍትም። ቦዳ ላይ ከወጣሁ ግን አበቃ፤ ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፣ ከዚያ በኋላ መንገድ የሚባል ነገር አይነሳም። ተስማማን።

ከጁባ ና ባሪ እስከ ከስተም

በሩ ላይ እትዬ ዘውዴ ጃንጥላ ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። «ምች ከመታሽ እኔ የለሁበትም» አሉና ጃንጥላውን እጄ ላይ ጣሉልኝ። ተቀበልኳቸው፤ ጠቃሚ ነገር ነው። በከረጢቴ ውሃ፣ ሁለት የተቀቀለ እንቁላልና ፎጣ አለ።

በዚያ ሰዓት ሰፈራችን ደስ ይላል። ሌሊቱን ሲጮሁ ያደሩት ጄኔሬተሮች አንድ በአንድ ዝም ይላሉ። ሴቶች ጎንበስ ብለው ደጃቸውን ይጠርጋሉ፣ የቀዩ አፈር ሽታ ይነሳል። የቆሻሻው ክምር ላይ አባ ኮዳዎች እንደ ሽማግሌ ቆመዋል፤ በአጠገባቸው ሳልፍ ንቅንቅ አላሉም። ሰማያዊው የውሃ ቦቴ እያንጠባጠበ አለፈኝ። የመንገድ ውሾቹ ከሌሊት ሥራቸው ተመልሰው ተኝተው ነበር፤ አንዱ ቀና ብሎ አየኝና ተወኝ። ውሻ እፈራለሁ። መኪና እፈራለሁ። ከሁሉም በላይ ያንን ዓይን የሚያጨልመውን ነገር እፈራለሁ። ስለዚህ ዶክተሩ እንዳለኝ ቶሎ ቶሎ፣ ጥቂት ጥቂት ውሃ እየተጎነጨሁ ነበር የምሄደው።

ትንሽ እንደሄድኩ ከኋላዬ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ቦዳ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ያልፈኛል። ይኼ ግን አላለፈኝም። ስፈጥን ይፈጥናል፤ እኔ መቼ ፈጥኜ፣ ግን የምችለውን ያህል። ስቆም ይቆማል። ሌባ ነው አልኩ። ከረጢቴን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ። ወደ ኋላ ግን አልተመለስኩም፤ ሰው ወደሚበዛበት ወደ ከስተም አደባባይ ገሰገስኩ።

ከስተም

ከስተም ገበያው ነቅቷል። ሻይ ሻጮቹ ከሰላቸውን አያይዘዋል፣ የሚኒባስ ረዳቶቹ ይጮሃሉ፣ ሰው ሰውን ይገፋል። ሰው መሐል ስገባ ድፍረት አገኘሁና ዞር ብዬ ባለቦዳውን ፊት ለፊት ቆምኩበት። በማውቃት የገበያ አረብኛ ምን እንደሚፈልግ ጠየቅሁት።

«ማዘር፣ እኔ ምንም አልፈልግም» አለኝ፣ ጥርት ባለ አማርኛ። «የቀጠረችኝ ልጅዎት ናት።»

ስሙ ጋትሉዋክ ነው። ሠላሳዎቹን ያለፈ፣ የልጆች አባት። በጦርነቱ ጊዜ ከነቤተሰቡ ተሰዶ ጋምቤላና አዲስ አበባ ነው ያደገው፤ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። ምሕረት የነገረችው ከኋላ ከኋላዬ እንዲሄድ፣ ስወድቅ አንስቶ እንዲያመጣኝ ነው።

«ካልወደቅኩስ?» አልኩት።

«ባዶዬን እመለሳለሁ። ሒሳቡ ያው ነው።»

ተናደድኩ። በልጄም በእሱም። ከሁሉም ያናደደኝ ‹ስትወድቅ› መባሉ ነው፤ ‹ብትወድቅ› እንኳን አላለችም። ሂድልኝ አልኩት። እሱ ደግሞ ተቀጥሬያለሁ ብሎ ድርቅ አለ፤ ጥሎኝ ሄዶ አንድ ነገር ብሆን ለምሕረት ምን እንደሚላት ጠየቀኝ። እውነቱን ነው። በመጨረሻ ተግባባን። የሞተሩ ድምፅ ከኋላዬ ሲመጣ እግሬ ይለግማል፤ ስለዚህ ቀድሞኝ ይሄድና ጀበል ገበያ ጋ ይጠብቀኛል።

«ከደከመዎት እጅዎን ያውጡ፣ በመስታወቴ አይቼ እመለሳለሁ» አለኝ።

«እጄን አላወጣም» አልኩት።

የጀበል መንገድ

ከዚያ በኋላ መንገዱ ይረዝማል። አስፋልቱ ላይ የጭነት መኪናው ይበዛል፣ ዳሩ አቧራ ነው። ፀሐይዋ ከጀርባዬ ወጣች፤ ጥላዬ ፊት ለፊቴ ወደቀ። ጥላዬን ተከትዬ ሄድኩ። ይኼ ጥላ ባለፈው ዓመት ሁለት ሰው የሚያህል ነበር።

በዚህ ከተማ በእግሯ የምትሄድ ሐበሻ ወይ መኪናዋ ተበላሽቷል ወይ ከባሏ ተጣልታለች። ቦዳው ሁሉ እየቆመ «ማማ፣ እንሂድ?» ይለኛል በእጁ። ሚኒባሱ ይቆማል፣ ረዳቱ «ጀበል ጀበል» እያለ በሩን ይከፍትልኛል። አንድ ረዳት ወርዶ ክንዴን ሊይዘኝ ሁሉ ፈለገ። ከወፍራም ሴት በላይ መሳፈር ያለበት የለም ብለው ነው የሚያስቡት። «ማፊ» እላቸዋለሁ፣ የለም ማለት ነው፤ ያንን ቃል የዚያን ቀን የጠገብኩትን ያህል ጠግቤው አላውቅም። አንድ ደንበኛችን፣ ቶንፒንግ ካሉት መሥሪያ ቤቶች ባንዱ የሚሠራ ሰው፣ ነጭ መኪናውን አቁሞ መስታወት አወረደ። ምን ሆነሽ ነው አለኝ። ምንም፣ እየሄድኩ ነው አልኩት። ወዴት? ወደ ጀበል። ጀበል ማን ሞተ ብሎ ጠየቀኝ። ሐበሻ በእግሩ የሚሄደው ለቀብር ብቻ መስሎት ይሆናል።

ስለ ሰውነቴም ልጻፍ፤ የምታነቡ እንደ እኔ የሆናችሁ ትኖራላችሁና። ከቀነሳችሁ በኋላ ቆዳው ይቀራል፤ ብብት ሥርና ጭን መሐል ይላጣል። ቅባት ቀብቼ ነው የወጣሁት። ጉልበት መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ከቆይታ በኋላ ይለምዳል። ትንፋሽ ሲያጥር ቆም ማለት ነው፤ መቀመጥ ግን አይደለም። እኔ አንዴ ከተቀመጥኩ የሚያነሳኝ የለም፤ ራሴን አውቃለሁ።

ጀበል ገበያ

ጋትሉዋክን ከቀርከሃ ዳስ ሥር ፉል ሲበላ አገኘሁት። ሲያየኝ ዓይኑ ፈጠጠ። በእውነት በእግሬ መምጣቴን ለማወቅ ይመስለኛል ጫማዬን አየው፤ ቀይ አቧራ ሆኗል።

ውሃ ገዛሁ፣ አንዷ ትንሽ ጠርሙስ አንድ ሺህ ፓውንድ። ይህን ስታነቡ ዋጋው ተለውጦ ከሆነ አትፍረዱብኝ፤ እዚህ ዋጋ አያድርም። ቆሜ አንዱን እንቁላል በላሁ። እኔ አንድ እንቁላል ለመብላት ሌላ ሰው አንድ ትሪ የሚጨርስበትን ጊዜ እፈጃለሁ፤ እያላመጥኩ፣ እያላመጥኩ፣ ካልሆነ አይወርድም። ጋትሉዋክን አሳዘንኩት መሰለኝ፣ ዳቦውን በፉሉ አጥቅሶ እጁን ወደ አፌ ዘረጋ። «በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ።» ኢትዮጵያ ያደገ ሰው ነው፤ ይኼው ልማዳችን ነው ጣጣ የሚያመጣብን። ያቺ ጉርሻ ለእኔ ምሳ ነች፣ ሁለተኛዋ ትውከት ነች አልኩት። እጁን መለሰና ራሱ ጎረሳት። አልተቀየመኝም። በእኛ ዘንድ ጉርሻ የመለሰች ሴት ምን እንደምትባል ታውቃላችሁ። ይበሉ።

ተራራው ሥር

ተራራውን ከማየቴ በፊት ሰማሁት። ጣ፣ ጣ፣ ጣ ይላል፤ በብዙ መዶሻ፣ እያንዳንዱ በራሱ ምት። ስቃረብ ሴቶች ናቸው። መሬት ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ትልቁን ድንጋይ እየፈለጡ ጠጠር ያደርጉታል። ጠጠሩ ለግንባታ ይሸጣል። ቶንፒንግ የቆመው ሆቴል ሁሉ ከእነሱ ጭን መሐል የወጣ ድንጋይ ነው ብል ውሸት አይሆንም።

«ሰላም ታኪ፣ ማማ» አለችኝ አንዷ። ኪደን ትባላለች፣ የባሪ ጎሳ ሴት፣ በዕድሜ እኔን ታህላለች፣ ክንዷ እንደ ገመድ የተገመደ ነው። የጠፋሁ መስሏታል። በተሰባበረችው አረብኛዬ፣ ያልቻልኩትን ቀድሞኝ የደረሰው ጋትሉዋክ እየሞላልኝ፣ ድንጋዩን ልነካ ነው የመጣሁት አልኳት። መዶሻዋን አስቀመጠች። «ድንጋይ ልትነኪ?» አለች። ከፊቷ ያለውን ክምር አሳየችኝ፤ የፈለግሽውን ያህል ንኪ፣ ስትጨርሺ ደግሞ መዶሻው ይኸውልሽ አለች። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ እውነቱን ነገርኳት። ሆዴን እንደተቆረጥኩ፣ ለመቅጠን እንደሆነ፣ መንቀሳቀስ ካቆምኩ ሁሉም ነገር እንደሚመለስ። ለጓደኞቿ በባሪኛ ነገረቻቸው። መዶሻው ሁሉ ቆመ። ኪደን ወደ እኔ ዞረች።

«ለመክሳት ከፈልሽ?» አለችኝ። «እኛ በነጻ ነው የከሳነው።»

በዚህኛው አልሳቅሁም። ጉንጬ ጋለ። አገር ለቅቄ ልሩጥ የሚያሰኝ ነገር ነው። ግን ከጁባ ና ባሪ እዚያ ድረስ በእግሬ የመጣሁት ለመሸሽ አይደለም። ቆሜ መለስኩላት። ያልሽው እውነት ነው አልኳት፤ አንቺ ያጣሽው ነው ለእኔ የተረፈው፣ ይኼ ፍርድ አይደለም። እህቴን ግን ውፍረት ገደለብኝ፣ ለእኔም ተራ ደርሶኛል። ልጅ አለችኝ፣ አንድ ናት። ጋትሉዋክ ይህን ሲተረጉም ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ኪደን ቀኑን ሙሉ ምን ስሠራ እንደምውል ጠየቀችኝ። እቀመጣለሁ አልኳት። እኔም እቀመጣለሁ አለች፣ ወገቧን እየያዘች፤ ምን ላይ ነው የምትቀመጪው? ስለ ወንበሩ ነገርኳት፣ ስፋቱን በሁለት እጄ እያሳየሁ። እሷ የተቀመጠችው የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ነው።

«እንዲህ ከሆነ» አለች፣ «እስከ ቤትሽ በእግርሽ ከገባሽ ወንበሩ አያስፈልግሽም። ላኪልኝ። ካልገባሽ ግን ተቀመጪበት።»

እጇን መታሁላት። ሁለተኛ ውል ገባሁ ማለት ነው።

ተራራውን ነካሁት። ድንጋዩ ፀሐይ ጠጥቶ እንደ ምድጃ ሞቋል። እንዲያውም በእጄና በጉልበቴ እየተጎተትኩ ትንሽ ወጣሁ፤ ጋትሉዋክ ከታች «ማዘር በቃ፣ ማዘር በቃ» ይላል። ዞር ስል ጁባ በሙሉ ከእግሬ ሥር ናት፤ የቆርቆሮው ብልጭታ፣ የኒም ዛፎቹ፣ ከወዲያ በኩል ነጩ ዓባይ እንደ ቀበቶ። አንድ አውሮፕላን ወደ ቶንፒንግ በኩል እየወረደ ነበር። ያ ሁሉ እኔ የመጣሁበት መንገድ ነው። ቶሎ አልወረድኩም፣ እስኪበቃኝ አየሁ።

መልስ

ስወርድ ኪደን ሻይ አቀረበችልኝ። ጉርሻ እንቢ ያልኩት እኔ፣ ይህን እንቢ ማለት አቃተኝ። ከዚያች ጥቂት ካላት ላይ ነው የሰጠችኝ። በዚህ አገር ሻይ ማለት ደግሞ ስኳር ነው፤ ማንኪያው ቆሞ ይቀራል። ዶክተሩ ስኳር ጠጥተሽ ጉድ እንዳትሆኚ ብሎኝ ነበር። ጠጣሁት፣ እስከ ታች።

ጀበል ገበያን ሳልደርስ መጣብኝ። ልቤ መደለቅ ጀመረ። ላብ በጀርባዬ ወረደ፣ ቀዝቃዛ ላብ። የሽንኩርት ተራው ጨለማ ከሩቅ ሲመጣ አየሁት። የኒም ዛፍ ሥር ደርሼ ተቀመጥኩ፤ አልቀመጥም ያልኩት እኔ።

ጋትሉዋክ ሞተሩን አጠገቤ አቆመ። ፊቱ ተለዋውጧል። «ማዘር፣ ይበቃል። ይውጡ። ማንም አያይም፣ ለማንም አልናገርም።»

ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ልወጣ ነበር። ምሕረት ታየችኝ፤ ስልኳን ይዛ ቆማ። እዚህ ብሞትባትስ? ለእልህ ብዬ? ግን ወንበሩም ታየኝ። ያ ወንበር ላይ ሆኜ የምሞተውም ሞት ነው፣ ቀስ ያለ ስለሆነ ነው ማንም ያልፈራው።

ዶክተሩ ያለኝን አስታወስኩ። ስኳሩ ነው፤ ጨጓራሽ ስለማይዘው ሮጦ አንጀት ይገባል፣ ሲያልፍ ያልፋል፣ ተቀምጠሽ አሳልፊው ብሎኛል። የዚያን ጊዜው ኮንዮ ኮንዮ ውሃ ማጣት ነው፤ ይኼ ግን ሻይ ነው። ምን እንደያዘኝ አወቅሁ። ማወቄ ራሱ ግማሹን ፍርሃት ወሰደልኝ።

«ቁጭ በል» አልኩት ጋትሉዋክን። «ካልተሻለኝ እወጣለሁ፣ እምልልሃለሁ። ከተሻለኝ ግን ደግመህ ውጪ እንዳትለኝ።»

ተቀመጠ። ጃንጥላውን ዘረጋልኝ። ውሃ በትንሽ በትንሹ ወሰድኩ። ስለ ልጆቹ አወራልኝ፤ ትልቋ አማርኛ አስተምረኝ እያለች እንደምታስቸግረው። ላቤ ደረቀ። ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዛፉን ይዤ ተነሳሁ።

ጋትሉዋክ ሞተሩን አላስነሳም። መሪውን ይዞ ከአጠገቤ መግፋት ጀመረ። ምነው አልኩት። ሞተር ላይ ሆኖ በእኔ አካሄድ መሄድ እንደማይቻል፣ ቀድሞኝ መሄድ ደግሞ ከአሁን በኋላ እንደሚያስፈራው ነገረኝ። እንዲህ ሆነን ከኒሙ ዛፍ እስከ ጁባ ና ባሪ መጣን፤ እኔ ጃንጥላ ይዤ፣ እሱ ቦዳውን እየገፋ። የሥራ ባልደረቦቹ በየመታጠፊያው ተሳለቁበት፤ ቤንዚን አለቀ ወይ፣ ሴትዮዋ አከበደችው ወይ ይሉታል። «አልወጣ አለችኝ» ይላቸዋል፣ እሱም ግራ ገብቶት። ከስተም ስንደርስ ሸሚዙ እርጥብ ሆኗል። እርስዎስ ሐኪም አዞልዎት ነው፤ እኔ ምን አጠፋሁ አለኝ። የዚያን ቀን በጣም የሳቅሁት እዚያ ላይ ነው።

ቤት

ከሰዓት በኋላ፣ ጥላው ሲረዝም ገባን። እትዬ ዘውዴ ከበሩ ጎን ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸው ላይ ዳማከሴ። ምሕረት ቆማለች። እኔን ሳይሆን ጋትሉዋክን አየችው።

«ወጣች?»

«ኧረ እኔንም በእግሬ አስመጣችኝ» አላት።

ልጄ አስቀመጠችኝና ጎንበስ ብላ ጫማዬን ፈታችልኝ። ካልሲው ከተረከዜ ጋር ተጣብቋል። ቀስ ብላ አላቀቀችው።

«ፈርቼ ነው» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

«እኔም ፈርቻለሁ» አልኳት። «ስቀመጥ ግን የበለጠ ነው የምፈራው።»

እትዬ ዘውዴ ግንባሬን ዳሰሱ። ምች አልመታሽም ወይ አሉኝ። ሻይ ነው የመታኝ አልኳቸው። ቢሆንም አሉና ዳማከሴውን አሽተው አፍንጫዬ ሥር አደረጉልኝ። ተውኳቸው። ለእሳቸው ደስታ አንድ ነገር መቅረት አለበት።

ይህ መንገድ ያስተማረኝ ይኼ ነው። ወኔ ከቤት ይዛችሁት የምትወጡት ነገር አይደለም፤ እኔ ስወጣ የያዝኩት ፍርሃት ብቻ ነው። ፍርሃቱ እስኪለቅ ብጠብቅ እስከ ዛሬ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ሰውም አይለቅም፤ ስትወፍሩ ያማል፣ ስትቀጥኑ ያማል፣ ስትሄዱ ደግሞ ማን ሞተ ይላል። ይዛችሁት ሂዱ።

አሁን ከጁባ ና ባሪ ቶንፒንግ ሥራዬ የምሄደው በእግሬ ነው፤ በማለዳ፣ ውሃዬን ይዤ። ቤታችን ውስጥ ሒሳብ የምትቀበለው ምሕረት ነች፣ በፕላስቲክ ወንበር። ትሪ የምሸከመው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ደንበኛው ሁሉ ተንሾካሾከ፤ ቤቱ ከሰረ ወይ ብሎ ልጄን የጠየቀም አለ። «ምን ላምጣልህ?» እለዋለሁ፣ አጠገቡ ቆሜ።

ወንበሩን ባንድ ሳምንት ውስጥ ላክሁት። ጋትሉዋክ ቦዳው ላይ በገመድ ጠፍሮ አሰረው፣ አራት እግሩን ወደ ሰማይ አድርጎ፣ የቶንፒንግ ሰው እያየው ወደ ጀበል ነዳው። ስንብት የለ፣ ምን የለ፣ ከአስፋልቱ ታጥፎ እስኪጠፋ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ከእኛ ቤት ቦዳ ላይ የወጣው እሱ ብቻ ነው።

ማታ ሲመለስ ኪደን ምን አለች አልኩት።

«ሰፊ ነው አለች» አለኝ። «ሁለት ሆነው ነው የሚቀመጡበት።»